የምክር ቤት አባል ጥያቄ ምንድን ነው? ከጎንደር ጋራዥ እስከ አራት ኪሎ

በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም አንድ ሚኒስትር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባሉ። አባላቱ ተራ በተራ ማይክ እየከፈቱ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ» ይላሉ። ከዚያ መንገዱ፣ ማዳበሪያው፣ የኑሮ ውድነቱ፣ ሥራ አጥነቱ ይነሳል። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ የሚያየው የጎንደር ሰው ግማሹ «ይሄ ምን ይፈይዳል?» ይላል። ግማሹ «ዝም ከማለት ይሻላል» ይላል። ጥያቄው ራሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ሳይነሳ ማኪያቶው ያልቃል።

የምክር ቤት ጥያቄ ሥልጣን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ ሊጠራ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር ሊመረምር እንደሚችል ይደነግጋል። የተጠራው ባለሥልጣን መጥቶ መልስ መስጠት አለበት። አንቀጽ 54 ደግሞ ጠያቂውን ይጠብቀዋል፤ አባሉ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። እዚያው አንቀጽ ላይ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችልም ተጽፏል። ይህችን እንኳ የሚያስታውሳት ብዙ ሰው የለም።

ከሚጠየቀው ሁሉ የትምህርት፣ የሙያ ልምምድና የሥራን ነገር ልውሰድ። ጎንደር ውስጥ ይህ ጉዳይ የማይነካው ቤት ስለሌለ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከቀሩት የተወሰኑት በሬሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ሌላው ቴክኒክና ሙያ ይገባል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ወይ ቤት ይቀመጣል። ስለዚህ «ቴክኒክና ሙያ የገባው ልጅ በእርግጥ ሙያ ይዞ ይወጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ድሮው የጥቂት ቤተሰብ ጉዳይ አይደለም።

የትብብር ሥልጠና የሚባለው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰልጣኙ ጊዜውን ለኮሌጅና ለድርጅት ከፍሎ ይማራል። ኮሌጁ መሠረቱን ያስይዘዋል። ጋራዡ፣ ሆቴሉ፣ የብረታ ብረት ቤቱ እጁን ያፍታታለታል። መጨረሻ ላይ የብቃት ምዘና አለ፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። አሁን አዘዞ መንገድ ላይ ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ጎራ በሉ። ቱታው ገና ያላደፈ ልጅ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጠዋት ግቢውን ጠርጓል። ቀጥሎ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል። ዋናው መካኒክ ከመኪናው ሥር ሆኖ «አንተ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ቁልፍ!» ሲለው ያቀብላል። «ጋሼ፣ ፍሬኑን እኔ ልፍታው?» ቢል «ደንበኛው ቆሞ እያየ? ሌላ ጊዜ» ይባላል። መካኒኩ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሰው መኪና ቢበላሽ ከኪሱ የሚከፍለው እሱ ነው። ልጁን ሲያስተምር የሚያልፈውን ሰዓት ደግሞ ማንም አይተካለትም።

ከዚያ ተቆጣጣሪ መምህሩ ይመጣል። በአንድ ቀን ብዙ ድርጅት ማዳረስ ስላለበት ቸኩሏል። ቅጹ ላይ «ሞተር መፍታትና መግጠም» ከሚለው ጎን ምልክት ይደረጋል፤ ፊርማ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታል። ልጁ ሞተር ፈቶ አያውቅም። ሪፖርቱ ላይ ግን ፈቷል። ያ ቅጽ ከሌሎቹ ጋር እየተደመረ ወደ ላይ ይወጣል፦ ኮሌጅ፣ ከተማ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ። ሚኒስትር ምክር ቤት ቀርቦ ከሚያነበው ቁጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅም አለበት።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ለመልመድ የሚገባን ውል ለብቻው ያነሳዋል። አሠሪው ሙያውን በሥርዓት አሟልቶ ሊያስተምር፣ ተለማማጁ ደግሞ ሊታዘዝ ይስማማሉ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውም ነገር ይጻፍበታል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይገባበትም። እንግዲህ ከምታውቋቸው ጋራዦች ስንቱ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳለ እናንተው ገምቱ።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። መጀመሪያ ማን ይጠየቅ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጥያቄ ሜዳ ላይ የሚቀረው እዚሁ ጋ ነውና። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም የፌዴራል ነው፤ የ8ኛ ክፍሉ የክልል። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ተጠሪ ናቸው። ፖሊሲውና የሙያ ደረጃው ግን የሚወጣው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ይህ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ነው፤ ቀድሞ የሥልጠናው፣ የሥራ ፈጠራውና የአሠሪና ሠራተኛው ጉዳይ በየፊናው ተበታትኖ ነበር። እና የፌዴራል ተመራጭ ተነስቶ «የኮሌጃችን ማሽን ተበላሽቷል» ቢል «ይህ የክልሉ ሥልጣን ነው» ተብሎ ይዘጋል። መልሱ ትክክል ነው። ያ ጥያቄ ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤት አባል መሰጠት ነበረበት።

ሁለተኛው ችግር የአጠያየቁ ሥርዓት ነው። ጥያቄዎች በጅምላ ይቀርባሉ፤ መልሱም በጅምላ ይመጣል። ብዙ አባል ከጠየቀ በኋላ መልስ ሰጪው አንድ ረጅም ንግግር ያደርጋል። በዚያ ንግግር መሐል ጠንካራውን ጥያቄ ዘሎ ለስላሳው ላይ መቆየት ቀላል ነው። በእኔ አስተያየት ከጠያቂው ፍርሃት እኩል የሚጎዳን ይሄ ነው።

ሦስተኛው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ወጣቱን የሥራ ባለቤት ለማድረግ ምን እየተሠራ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «በርካታ ተግባራት እየተከናወኑ ይገኛሉ» የሚል መልስ ራሱ ለምኖ ነው የተቀመጠው። እንዲህ ቢጠየቅስ? «ባለፈው የበጀት ዓመት ከአማራ ክልል ኮሌጆች ለትብብር ሥልጠና የወጡት ስንት ናቸው? ስንቶቹ በተማሩበት ሙያ ተመደቡ? ሚኒስቴሩ የድርጅቶቹን ቅጽ ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው በምን መንገድ ነው? ከተመረቁት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ላይ የተገኙት ስንት ናቸው?» ይህን በንግግር ማምለጥ ይከብዳል። ቁጥር ካለ ይነገራል። ከሌለ አለመኖሩ ራሱ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይጠየቅበታል።

«የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለውም ቁጥር እንዲሁ መፈታት አለበት። ቋሚ ነው ጊዜያዊ? ለወር የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ ተቆጥሯል? ጎንደር ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ቱሪስቱም ቀዝቅዟል። ፋሲል ግንብን አይቶ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ እንግዳ ከሌለ ሆቴሉ ሰልጣኝ ተቀብሎ ምን ያሠራዋል? አገር አቀፉ ቁጥር ይህን አያሳይም። የአካባቢው ተመራጭ ለይቶ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅለትም።

ካሜራው የሚያየው ትልቁን ጉባኤ ነው። ዋናው ሥራ ግን ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። የሰው ሀብት ልማት፣ የሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ትምህርት ሚኒስቴርንና ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን ይከታተላል። የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር አፈጻጸማቸውን እዚያ ፊት ለፊት ያቀርባሉ። አንድ ጥያቄ ተከታታይ ጥያቄ የሚወልደው፣ «ሰነዱን አምጡ» የሚባለውም እዚያ ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ሪፖርት (ሥራው በአግባቡ መሠራቱን የሚመረምረው) ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል፤ መልስ ሰጪው የራሱን ሪፖርት ብቻ ይዞ አይቀርብም።

ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል። መሐል ላይ የአንድ ወር እረፍት ሊወስድ ይችላል። ተመራጩን ከተማ ውስጥ ለማግኘት የሚመቸው በእረፍቱና በክረምቱ ነው። የመራጭ ተመራጭ ውይይት ሲጠራ አዳራሹ ይሞላል፤ ማይክ ያገኘ ሁሉ ስለ ውሃና ስለ መብራት ይናገራል፤ ሰዓቱም ይሄዳል። የልምምድ ጉዳይ ያለው ሰው ግማሽ ገጽ ጽፎ በእጁ ቢሰጥ ይሻለዋል። የሥልጠናው ዘርፍ፣ የድርጅቱ ዓይነት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው እንደቆየ፣ ልጁ በእጁ የሠራውና ቅጹ ላይ የተጻፈለት ጎን ለጎን። የልጁን ስም ግን አትጻፉ፤ ሲኦሲ ገና አልተፈተነም።