«ብሬከሩን ከፍ አድርግልን»፦ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቤት ኤሌክትሪክ የሚጠግን ሰው በየሄደበት የሚሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ብሬከሩ እየጣለ አስቸገረን፣ ከፍ ያለ ቀይርልን» የሚል ነው። ባለቤቶቹ ችግሩንም መፍትሔውንም አስቀድመው ወስነው ስለሚጠብቁ፣ ባለሙያው «መጀመሪያ ሽቦውን ልየው» ሲል ሥራ ለማብዛት የፈለገ ይመስላቸዋል። እምቢ ካለም ሌላ ሰው ይጠራና ባለ 16 አምፔሩ ወጥቶ ባለ 32 ወይም ባለ 40 ይገባል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይጥልም፤ ሁሉም ሰው ችግሩ እንደተፈታ ያምናል። ይህ እምነት ፍጹም ስሕተት ነው፤ ሊያስከትል የሚችለውም የቤት ቃጠሎ ስለሆነ በዝርዝር መነገር አለበት።

ብሬከር የተሠራው ምጣዱን ወይም ፍሪጁን ለመጠበቅ አይደለም። የሚጠብቀው በግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን፣ ማንም የማያየውን ሽቦ ነው። በአብዛኛው ቤት ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 (ውፍረቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ) የመዳብ ሽቦ በ16፣ ቢበዛ በ20 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል፤ ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ደግሞ በ10 አምፔር። የሽቦው የፕላስቲክ ልባስ በተለመደው ዓይነት እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለ16 አምፔር በታሰበ ሽቦ 32 አምፔር ማሳለፍ ልባሱን ከግድግዳው ውስጥ ቀስ በቀስ ማብሰል ማለት ነው። በዚያ ላይ ባለ 32 ብሬከር ልክ 32 ላይ ሲደርስ አይጥልም። በአሠራር ደረጃው መሠረት እስከ 36 አምፔር ድረስ ለአንድ ሰዓት ሳይጥል መቆየት አለበት፤ 46 አምፔር ገደማ ሲደርስም ለመጣል እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። አንድ የእንጀራ ምጣድ በተለምዶ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። እንጀራ እየተጋገረ በዚያው መስመር ላይ ባለ 2 ኪሎ ዋት ምድጃ ከተሰካ 9 አምፔር ያህል ይጨመራል። ባለ 16 ብሬከር በዚህ ጊዜ ሲጥል አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ፣ ሌላ ዕቃ የማይሰካበት የራሱ መስመር በባለ 4 ሽቦ መዘርጋትና በ25 አምፔር ብሬከር ማስጠበቅ ነው። ግድግዳ መሰርሰርን ይጠይቃል፣ ገንዘብም ያስወጣል፤ ሆኖም ከዚህ ያነሰ መፍትሔ የለም።

በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ለሌላ ሥራ ተጠርቼ፣ ሳጥኑን ስከፍት የሶኬቱ መስመር ላይ ባለ 40 ብሬከር አገኘሁ። ባለቤቷ ብሬከሩ ከተቀየረ ወዲህ አንድም ቀን ጥሎ እንደማያውቅ በደስታ ነገሩኝ። ከምጣዱ ኋላ ያለውን ሶኬት ስፈታው ነጩ ፊቱ ቡና መስሏል፤ የአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ቀልጦ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ሽቦውን በጣቴ ጎንበስ ሳደርገው ልባሱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ረገፈ፤ ከሥሩ ያለው መዳብ ጠቁሮ ነበር። ጉዳቱ ጫፉ ላይ ብቻ ስላልነበረ መስመሩን በሙሉ መዝዘን አወጣነው። ሁለቱ ራቁት ሽቦዎች ግድግዳው ውስጥ ቢነካኩ ኖሮ እሳቱ የሚነሳው ቤተሰቡ ከሚተኛበት ክፍል ጀርባ ነበር።

ብሬከር የሚጥልበትን ጊዜ ልብ ማለት ምክንያቱን ለማወቅ ይረዳል። ዕቃዎቹ መሥራት ከጀመሩ ከብዙ ደቂቃዎች በኋላ ከጣለ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ገና ሲነሳ ቀጭ ብሎ ወዲያው ከወረደ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል ወይም አንድ ዕቃ ውስጡ ተበላሽቷል፤ ሁሉንም ዕቃ ነቅሎ አንድ በአንድ እየሰኩ መለየት ይቻላል። ጭነቱ ትንሽ ሆኖ ብሬከሩ ራሱ የሚግል ከሆነ የሽቦው ማሰሪያ ብሎን ላልቷል ወይም ብሬከሩ አርጅቷል። በቀድሞ ቤቶች በብሬከር ቦታ ያለውን ባልቦላ (ፊውዝ) ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መጠገንም ያው ጥፋት ነው።

«ብሬከር ስላለን ኮረንቲ አይገድለንም» የሚለው ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት ነው። 30 ሚሊ አምፔር ገደማ የሆነ ኮረንቲ በሰውነት ውስጥ ጥቂት ቢቆይ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል አደገኛ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚቆጥረው ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሰው ተይዞ እየሞተ እንኳ ምንም አይሰማውም። ለሰው ሕይወት የተሠራው ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት መሣሪያ ሲሆን፣ የወጣውንና የተመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት መስመሩን ይቆርጣል። በብዙ ነባር ቤቶች የለም። የመታጠቢያ ቤት የውሃ ማሞቂያ ያለው ሰው ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት ይህን ያስገባ። ካስገባም በኋላ መሞከሪያ ቁልፉን በየጥቂት ወራት ይጫነው፤ ሲጫነው ካልጣለ ወዲያው ያስቀይረው።

«ሶኬታችን የግራውንድ ብረት አለው» ብለው የማይሰጉ ሰዎችም አሉ፤ ግራውንድ ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር ነው። ብረቱ መኖሩ ከጀርባው ሽቦ መታሰሩን አያረጋግጥም፤ ሽቦው ቢኖርም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር መገናኘቱ መለካት አለበት። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ የግራውንድ ሽቦ ስለሌለ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንድ ብረቱ ጋር የሚያስሩ ሠራተኞች ሥራ ነው። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ የምጣዱ፣ የፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ዳግመኛ ቤታችሁ አይግባ። ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም አይረባም፤ የዛሬው ቧንቧ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

«ዲቫይደሩ ስድስት ቀዳዳ ካለው ስድስት ዕቃ ይችላል» ይባላል። የሚወስነው የገመዱ ውፍረት ነው፤ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ዲቫይደር ላይ አይሰኩም።

«መብራት ሄዷል፣ አሁን መነካካት ይቻላል» አይባልም፤ መብራቱ ሳይናገር ይመለሳል። ዋናው ብሬከር ወርዶ ኮረንቲ አለመኖሩ በቴስተር መረጋገጥ አለበት። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋትም አይበቃም፤ በኒውትራሉ ላይ ከተገጠመ አምፖሉ ጠፍቶም ማቀፊያው ኮረንቲ አለው።

ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን እንጂ መብረቅን አይመልስም።

ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና ነው ብለው የሚያምኑ ባለሙያ ነን ባዮች ጭምር አሉ። የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ ኮረንቲው ግን ስላልጨመረ ብሬከሩ አያውቀውም። መጋጠሚያ በብሎን ማያያዣ ታስሮ፣ ተከፍቶ በሚታይ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ ልስን ውስጥ መቀበር የለበትም።

በመጨረሻም ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ ጎትቶ ማላቀቅ ይቻላል የሚባለው ጎታቹንም ይገድላል። መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ፣ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን መግፋት ያስፈልጋል። መተንፈስ ካቆመ የልብና የትንፋሽ እርዳታ መስጠት እየተጀመረ ሌላ ሰው በ907 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ራሱን ስቶ የነበረ ወይም ደረቱን የሚያመው ሰው ተነስቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም የልቡ ምት በሐኪም መታየት አለበት።