የእሌኒ ደሴት፦ የሴንት ሄለና ቱሪዝምና ከጀርባው ያለው ገንዘብ

ሴንት ሄለና በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል የምትገኝ፣ በብሪታንያ ሥር ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአፍሪካ ዳርቻ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነዋሪዋ ከ4,500 አይበልጥም። የደሴቲቱ ሰዎች ራሳቸውን «ሴንትስ» ብለው ይጠራሉ። ዋና ከተማቸው ጄምስታውን በሁለት ገደሎች መካከል ተጣብባ የተሠራች ናት። ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ ለኛ ሩቅ አይደለም። ሄለና ማለት እሌኒ ናት፣ ደመራ ደምራ ዕጣን አጢሳ መስቀሉን ያስወጣችው የቆስጠንጢኖስ እናት። ደሴቲቱን በ1502 ያገኛት ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ዡዋው ዳ ኖቫ ነው ይባላል። ቀኑ ሜይ 21 ነው የሚለው የተለመደ ነው። ያን ቀን የእሌኒን በዓል የሚያከብሩት ግን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እንጂ ካቶሊኮች ስላልሆኑ፣ ነገሩ ያከራክራል። ሜይ 3 ነው የሚሉም አሉ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ያ ቀን መስቀሉ የተገኘበት በዓል ነበር። ይህኛው ይበልጥ ያስኬዳል።

የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከ1659 ጀምሮ ደሴቲቱን ያዘ። በ1733 ከየመን ሞካ ወደብ የቡና ዘር መጣ። ያ ቡና ዛሬም እዚያ ይለቀማል፣ በዓለም ውድ ከሚባሉትም አንዱ ነው። አረቢካ ነውና ሥሩ የኛ ጫካ ነው። ናፖሊዮን ከ1815 ጀምሮ በግዞት ኖሮ በ1821 እዚያው አረፈ። የኖረበትን ሎንግውድ ቤት ፈረንሳይ በ1858 ገዛች፣ ዛሬም የሷ ንብረት ነው። የዙሉው ንጉሥ ዲኑዙሉም ከ1890 እስከ 1897 በግዞት ቆይቷል። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት መርከቦቹ መንገድ ቀየሩ፣ ደሴቲቱም ተረሳች። በኋላ ከቃጫ ገመድ ትንሽ ገቢ አገኘች። እሱም በ1966 ቆመ። ከዚያ ወዲህ የደሴቲቱ በጀት በአብዛኛው የቆመው ከለንደን በሚላክ እርዳታ ነው።

የቱሪዝሙ ነገር በደንብ የተጻፈለት ከአየር ማረፊያው ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት መድረሻው መርከብ ብቻ ነበር። ከ1990 ጀምሮ ያገለገለችው «አርኤምኤስ ሴንት ሄለና» ከኬፕታውን አምስት ቀን ገደማ ትወስድ ነበር። ጎብኚ እንዲመጣና እርዳታው እንዲቀንስ አየር ማረፊያ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ተጉላላ። በ2002 በተደረገ የሕዝብ ምክክር አብዛኛው ሰው አየር ማረፊያውን መረጠ። በ2005 የብሪታንያ መንግሥት እሺ አለ። በ2008 መጨረሻ የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ አቆየው። በ2010 አዲሱ መንግሥት መልሶ ፈቀደው። በኖቬምበር 2011 ከደቡብ አፍሪካው ቤዝል ሪድ ጋር ውል ተፈረመ። የዲዛይንና የግንባታው ውል 201.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ጠቅላላው የፕሮጀክት ገንዘብ 285.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። የሰጠው የብሪታንያ የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት ነው። ለነዋሪው ቢካፈል ለእያንዳንዱ ከ60,000 ፓውንድ በላይ ይደርሰዋል።

ሥራው ራሱ የሚደነቅ ነው። መጀመሪያ መርከብ ተጠግቶ የሚያራግፍበት ቦታ እንኳ አልነበረም። በ2012 ጊዜያዊ ማራገፊያ ተሠርቶ «ኤንፒ ግሎሪ 4» የተባለችው የዕቃ መርከብ ዳር ድረስ ተጠጋች። በደሴቲቱ ታሪክ እንዲህ ስትቆም የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ ከባሕሩ እስከ ተራራው መንገድ ተቆረጠ። አውሮፕላን ለማሳረፍ የሚበቃ ሜዳ ስላልነበረ፣ ድራይ ገት የሚባለውን ደረቅ ሸለቆ ሞሉት። 8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ አለት ገባበት። የሙሌቱ ቁመት 100 ሜትር ገደማ ነው።

ችግሩ ነፋሱ ነበር። ማኮብኮቢያው ከገደል አፋፍ ላይ ነው። በኤፕሪል 2016 አንድ ቦይንግ 737 ለሙከራ ሲያርፍ በሰሜኑ ጫፍ ነፋሱ ድንገት አቅጣጫና ጉልበት ሲቀያይር ታየ። ፓይለቶች ይህን «ዊንድ ሺር» ይሉታል። በሜይ 2016 ይከፈታል የተባለው የመደበኛ በረራ ቀረ። ቻርለስ ዳርዊን በ1836 ደሴቲቱን ሲጎበኝ ስለዚያው የገደል ነፋስ ጽፎ ነበርና፣ ሳይታወቅ ቀረ ማለት ይከብዳል። የብሪታንያ ፓርላማ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ገንዘቡን የሰጠውን የልማት መሥሪያ ቤት ክፉኛ ወቀሰ። ጋዜጦች «የዓለም የማይረባው አየር ማረፊያ» አሉት። ይህ ስም ግን ተገቢ አልነበረም። መደበኛው በረራ ሳይጀመር እንኳ በጠና የታመመ ሰው በትናንሽ አውሮፕላን ወደ ኬፕታውን ሄዶ ይታከም ነበር። ድሮ መርከቧ እስክትመጣ ይጠበቅ ነበር።

መፍትሔው አነስተኛ አውሮፕላን ሆነ። ኦክቶበር 14 ቀን 2017 የደቡብ አፍሪካው ኤርሊንክ በኤምብራየር 190 ከጆሃንስበርግ ተነስቶ አረፈ፣ በሳምንት አንዴም መብረር ጀመረ። መርከቧ በፌብሩዋሪ 2018 ተሰናበተች። በዚያው በ2017 የደሴቲቱ መንግሥት ያቋቋመው ኩባንያ በጄምስታውን ዋና መንገድ ላይ ያሉ የድሮ የመኮንኖች ቤቶችን አድሶ 30 ክፍል ያለው ሆቴል ከፍቷል። በዕቅዱ በሂደት በዓመት ወደ 30,000 ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነበር። እስካሁን ለዚህ የሚቀርብ ቁጥር አልታየም። ኮቪድ ደግሞ በ2020 መደበኛውን በረራ ጭራሽ ዘጋው። የአውሮፓ ኅብረት ልማት ፈንድ በበኩሉ ለባሕር ሥር የኢንተርኔት ኬብል ገንዘብ ሰጥቷል። ኬብሉ በ2021 ደረሰ፣ በ2023 ሥራ ጀመረ።

ጎብኚው የሚመጣበት ነገር ግን በውድ ዋጋ የተሠራ አይደለም። በገዥው መኖሪያ ግቢ ጆናታን የሚባል ኤሊ አለ። በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል። ዓይኑ ስለጠፋ ጎመንና ካሮት በእጅ ያጎርሱታል። ዋየርበርድ የምትባለው ቀጭን እግር ወፍ ከዚህች ደሴት በቀር የትም የለችም። አየር ማረፊያው የተሠራው ከመኖሪያዋ በከፊል ላይ ነው። ያም ሆኖ በተደረገላት ጥበቃ በ2016 ከከፋው የመጥፋት ስጋት ደረጃ ወርዳለች። በተራሮቹ የእግር መንገዶች መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ ሳጥን ትቆማለች። ውስጧ መዝገብና ማኅተም አለ። መንገዱን የጨረሰ ሰው ስሙን ይጽፋል፣ ማኅተሙን በደብተሩ ላይ ይመታል።

ሩፐርትስ ሸለቆ ግን ሌላ ነው። ከ1840 እስከ 1872 ድረስ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴ መርከቦች የያዛቸው ከ25,000 በላይ አፍሪካውያን ወደ ደሴቲቱ መጡ። ወደ 8,000 የሚጠጉት እዚያው ሞተው ተቀበሩ። ለአየር ማረፊያው መንገድ ቁፋሮ በ2008 የ325 ሰዎች አፅም ወጣ። ከዚያ በጄምስታውን አንድ መጋዘን ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ። ብዙ ሴንትስ ይህን አምርረው ተቃወሙ፣ ትክክልም ነበሩ። በመጨረሻ በ2022 በሩፐርትስ መልሰው ቀበሯቸው። ለአውሮፕላኑ ነዳጅ የጫነው ቦቴ ዛሬም ከወደብ ወደ ተራራው የሚወጣው በዚያው ሸለቆ ነው።