ተጫዋች አሰልጣኝ ምንድን ነው? የተጎዳ ተጫዋች ማረፊያ ግን አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ከስታዲየም ወደ ሳሪስ ስሄድ የታክሲው ሬዲዮ ስፖርት ላይ ነበር። ተንታኙ ስለ ቀድሞው የማንቸስተር ሲቲ ተከላካይ ቪንሰንት ኮምፓኒ ያወራል። «ጉዳት ሲበዛበት ተጫዋች አሰልጣኝ ሆነና ሰውነቱን እያሳረፈ ቀስ ብሎ ጫማውን ሰቀለ» አለ። ይህን አባባል ስለ ኮምፓኒም ስለ ሌሎችም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። እኛም አገር ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ጉልበቱን በያዘ ቁጥር «ለምን ተጫዋች አሰልጣኝ አያደርጉትም?» የሚል አይጠፋም።

እኔ የቡድን ወጌሻ ነኝ። ስለ ታክቲክ ለሚያወሩ ሰዎች መልስ መስጠት ልማዴ አይደለም። «እያሳረፈ» የምትለዋ ቃል ግን የእኔ ሥራ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። ችግሩ ከቋንቋችንም ይመጣል። ልምምድ የሚያሠራውንም፣ አሰላለፍ መርጦ በውጤቱ የሚጠየቀውንም እኩል «አሰልጣኝ» እንላቸዋለን። ዌይን ሩኒ በጃንዋሪ 2020 የእንግሊዙን ክለብ ደርቢ ካውንቲ ሲቀላቀል ተጫዋች አሰልጣኝ ተብሎ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ ግን የቡድኑ አለቃ ፊሊፕ ኮኩ ነበር። ሩኒ ያግዝ ነበር እንጂ የመጨረሻው ቃል የእሱ አልነበረም። በጃንዋሪ 2021 ቋሚ አለቃ ሲሆን ደግሞ በዚያው መጫወቱን አቆመ። ዣቪም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይደባለቃል። ካታር ውስጥ ለአል ሳድ ተጫወተ፣ በ2019 አቆመ፣ ከዚያ ያንኑ ክለብ ማሰልጠን ጀመረ። የእኛው መንግሥቱ ወርቁም በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን በተጫዋችነት አንስቶ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እነዚህ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት የተሻገሩ ናቸው። ተጫዋች አሰልጣኝ የሚባለው ግን ያልተሻገረ ሰው ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የያዘ፣ አሰላለፉን የሚያወጣውም አሰላለፉ ውስጥ ያለውም እሱ የሆነ።

እዚያው የተቀመጥኩበት ታክሲ ውስጥ አስቡት። ሹፌሩ መንገድ ያያል። ረዳቱ ሰው ይጭናል፣ ሂሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል፣ «ወራጅ አለ» ሲባል በር ይከፍታል። ተጫዋች አሰልጣኝ ማለት መሪውን ሳይለቅ ሂሳብ የሚሰበስብ ሹፌር ነው። ዓይኑ መንገዱ ላይ ከሆነ ከኋላ ያልከፈለውን አያይም። ዞሮ ካየ ደግሞ የፊቱ መኪና ፍሬን ይዟል። እስከዚህ ድረስ ተንታኙም ይስማማ ይሆናል። እሱ የረሳው ማታውን ነው። ያረጀ መኪና ማታ ማታ ጋራዥ መግባት አለበት። ዘይቱ ይታያል፣ ጎማው ይታያል። የእኛ ሹፌር ግን ማታም ሥራ ላይ ነው። ከባለንብረቱ ጋር ሂሳብ ይተሳሰባል፣ የነገውን ተራ ያስይዛል። መኪናው ሳይታይ ያድራል። ጠዋት ግን ይነሳል፤ ስለሚነሳ ደህና ይመስላል።

የተጫዋች ሰውነትም እንደዚያው ነው። ከጨዋታ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ለእኔ ከጨዋታው አይተናነሱም። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቀላል እንቅስቃሴ፣ የተጎዳውን ጡንቻ ለብቻው ማጠንከር። ዕድሜው 33 የሆነ፣ የጉዳት ታሪክ ያለው ተጫዋች ይህ ሁሉ ከ20 ዓመቱ ልጅ በላይ ያስፈልገዋል። አሰልጣኝ ግን በእነዚያ ሁለት ቀናት ቪዲዮ ያያል፣ ከክለቡ አመራር ጋር ይሰበሰባል፣ የተከፋ ተጫዋች ያነጋግራል፣ ጋዜጠኛ ፊት ይቀመጣል። ልምምድ ላይም ከራሱ ድርሻ በፊትና በኋላ ቆሞ ይውላል። ይህ ነው እንግዲህ «ማሳረፍ» የተባለው።

ኮምፓኒ ላይ የሆነውን እንይ። ማንቸስተር ሲቲ በቆየባቸው 11 ዓመታት የባት ጡንቻው ደጋግሞ አስቸግሮታል። በሜይ 2019 ሌስተር ላይ ያቺን የማትረሳ ጎል አግብቶ፣ በዚያው ወር ወደ ቤልጂየሙ ክለብ አንደርሌክት በተጫዋች አሰልጣኝነት እንደሚሄድ አሳወቀ። ዕድሜው 33 ነበር። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ አራት የሊግ ጨዋታዎች ያገኘው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ኦገስት ሳያልቅ የጨዋታ ቀን አመራሩን አብሮት ለሚሠራው አሰልጣኝ ለሲሞን ዴቪስ አስረከበና እሱ አምበል ሆኖ መጫወቱ ላይ አተኮረ። ብዙም ሳይቆይ ሃምስትሪንጉን (የጭን ጀርባ ጡንቻውን) ተጎዳ። በሴፕቴምበር በሲቲ ስታዲየም ኢትሃድ ላይ ለራሱ ክብር በተዘጋጀው የስንብት ጨዋታ እንኳን መሰለፍ አልቻለም። በኦክቶበር ፍራንኪ ቬርኮተረን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ታዲያ ሰውነቱ ያረፈው የቱ ላይ ነው?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። የኮምፓኒን ጡንቻ አልመረመርኩም። ሃምስትሪንጉን የጎዳው አሰልጣኝነቱ ነው አልልም፣ ማንም ወጌሻ ከሩቅ እንዲህ ሊል አይችልም። ዕድሜና የቀድሞ ጉዳት ብቻቸውን ይበቃሉ። አንዴ የተበጠሰ ጡንቻ እንደገና የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ደግሞ ባትና ሃምስትሪንግ አንድ አይደሉም። ሃምስትሪንግ የምንለውም ከጭን ጀርባ ያሉ የሦስት ጡንቻዎች የጋራ ስም ነው። ሬዲዮ ላይ ሁሉም «የጡንቻ ጉዳት» ተብሎ ሲታለፍ ቅር ይለኛል፤ ሕክምናቸውም የሚመለሱበት ጊዜም ይለያያል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማያነሳው ነገር ነው። ወጌሻ ሪፖርት የሚያደርገው ለማን ነው? በተለመደው አሠራር ተጫዋቹ ሕመሙን ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለአሰልጣኙ እነግራለሁ። ተጫዋች ሁሌም መጫወት ይፈልጋል። በተለይ ያረጀው። አንድ ጨዋታ ካመለጠው ቦታውን ወጣት እንደሚወስድበት ያውቃል። «ደህና ነኝ ወጌሻ፣ ዝም ብለህ እሰርልኝ» ይለኛል። ያኔ አሰልጣኙ ጋ ሄጄ «ዛሬ 60 ደቂቃ ብቻ» እላለሁ። አሰልጣኙ ቢቆጣም ይሰማኛል፣ ምክንያቱም ሕመሙ የእሱ አይደለም፣ ፍርሃቱም የእሱ አይደለም።

አሁን ሁለቱን አንድ ሰው አድርጓቸው። የምነግረው ያንኑ የደበቀኝን ሰው ነው። እረፍት ላይ እግሩን ለማየት 15 ደቂቃ አለኝ፣ እሱ ግን ቆሞ ለ10 ተጫዋቾች እያስረዳ ነው። 70ኛው ደቂቃ ላይ ሲያነክስ አያለሁ። «ቀይረው» ብዬ የምጮኸው ለማን ነው? ምክትሉ አለ ትሉኛላችሁ። ምክትሉ አለቃውን ከሜዳ ለማስወጣት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው አስቡት። ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

«ኬኒ ዳልግሊሽስ?» የሚል ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳልግሊሽ በ1985 ተጫዋች አሰልጣኝ ሆኖ ሊቨርፑልን ተረከበ። በመጀመሪያ የውድድር ዓመቱ ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰደ፣ ሊጉን ያረጋገጠችውን ጎል ቼልሲ ላይ ያገባውም ራሱ ነው። ሩድ ኹሊትም ቼልሲን እንዲሁ እየመራ በ1997 ኤፍኤ ካፑን አንስቷል። ስለዚህ አይሠራም አልልም። ዳልግሊሽ ግን በዚያ ዓመት ለረጅም ጊዜ ራሱን ከአሰላለፍ ያስወጣ ነበር። በእኔ ዓይን ትልቁ ውሳኔው ይህ ነው፤ ሹፌሩ መሪውን፣ ማለትም መጫወቱን፣ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ረዳት ሆኖ ተቀመጠ። ያኔ በእንግሊዝ ሊግ የሚፈቀደውም አንድ ቅያሪ ብቻ ነበር። ዛሬ አምስት ነው። በጨዋታ መካከል የሚወሰነው ነገር በዝቷል፣ ከጨዋታ ውጭ ያለው ሥራ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ኮምፓኒም መጨረሻ ላይ የመረጠው አንዱን ነው። በኦገስት 2020 በ34 ዓመቱ መጫወቱን አቁሞ አንደርሌክትን ሙሉ በሙሉ ያዘ። በርንሌይን በ101 ነጥብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የመለሰው፣ ከባየርን ሙኒክ ጋር ቡንደስሊጋውን የወሰደው ኮምፓኒ ጫማውን የሰቀለው ኮምፓኒ ነው። ተንታኙ የተሳካውን አሰልጣኝ አይቶ፣ ያልተሳካውን ተጫዋች አሰልጣኝ አመሰገነ።

አንድ አንጋፋ ተጫዋች እንዲህ ያለ ውል ቀርቦለት ቢያማክረኝ ስለ ደመወዙ አልጠይቀውም። ወጌሻው ስለ እሱ እግር የሚነግረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ያም ሰው «ዛሬ አትሰለፍም» ሊለው ሥልጣን እንዳለው ውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ስሙ የእሱ ከሆነ አይፈርም።