ቪክቶሪያ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ

ቪክቶሪያ በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ እምብርት፣ በድራመንድና በስታንሊ ጎዳናዎች መካከል የነበረ የጡብ አዳራሽ ነው። በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1862 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ነበር። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በሆኪ ቢሆንም የተሠራው ግን ለሆኪ አልነበረም፤ የከተማዋ ባለጸጎች ነፋስና ውሽንፍር ሳይነካቸው እንዲንሸራተቱበት ነው። በረዶውን የሚያረጋው የሞንትሪያል ብርድ ራሱ ነበር። ማታ ማታ የጋዝ መብራቶች ያደምቁታል፣ በየዓመቱም ጭምብል የተለበሰበት ድግስ ይደገስበታል። በ1870 ለንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ለልዑል አርተር የተደረገው ድግስ ዝነኛ ነው። ያን ምሽት በአንድ ጊዜ ማንሳት በጊዜው ካሜራ የማይሞከር ስለነበር፣ ፎቶ አንሺው ዊልያም ኖትማን ታዳሚዎቹን አንድ በአንድ በስቱዲዮው አንስቶ ምስላቸውን ቆርጦ በተሳለ አዳራሽ ላይ ለጠፋቸው።

እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1875፣ ከካናዳዋ ሃሊፋክስ ከተማ የመጣው ጄምስ ክሬይተን ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋች ያላቸው ሁለት ቡድኖች አሰልፎ እዚህ አጋጠመ። በቤት ውስጥ ሥርዓት ባለው መልኩ የተካሄደ የመጀመሪያው የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው ነው። ተመልካቹ ኳስ ፊቱን እንዳይመታው ሰግቶ ነበር፤ የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህ ስጋት ይገባዋል። ስለዚህ በኳሱ ፋንታ ክብና ጠፍጣፋ እንጨት ተደረገ፤ በረዶው ላይ ይንሸራተታል እንጂ እንደ ኳስ አይነጥርም። ዛሬ በሆኪ ዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ፣ የፓክ ዘመድ ነው። የክሬይተን ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈ። ምሽቱ ግን በሰላም አላለቀም። በረዶው ይለቀቅልን ባሉ ሰዎችና በተጫዋቾቹ መካከል ድብድብ ተነስቶ አግዳሚ ወንበር ተሰበረ፣ ሴቶቹም ሸሽተው ወጡ።

የአዳራሹ በረዶ 62 በ24 ሜትር ገደማ ነበር። የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ (NHL) የዛሬ ሜዳ 61 በ26 ነው፤ መቀራረቡ እንዲያው የአጋጣሚ አይመስልም።

የስታንሊ ዋንጫ የተባለው ዝነኛ የሆኪ ዋንጫ የመጀመሪያ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎችም በ1894 የተደረጉት እዚሁ ነው፤ የሞንትሪያል ቡድን ኦታዋን 3 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ለሆኪ ተብሎ የታነጸው ዌስትማውንት አሬና ተከፈተና ትልልቅ ግጥሚያዎች ወደዚያ ዞሩ። ቪክቶሪያ በ1925 ተሸጠ። ቦታውንም የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ወረሰው።