የሩቅ ዘመድን ምን ብሎ መጥራት፦ የዝምድና ስሞችና ቆጠራ በአዳማ

አማርኛ ወደ ላይ ሲቆጥር ስም አያጣም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ካለ በኋላ ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እያለ ይወጣል፤ አስልጥ፣ አመለጥ፣ ማንትቤ፣ ደርባቴ ድረስ የሚዘልቁ አዋቂዎችም አሉ። ወደ ጎን ሲዞር ግን ቃሉ ቶሎ ያልቅበታል። ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት ካለ ወዲያ ያለው ዘመድ የራሱ መጠሪያ የለውም፤ የሚታወቀው በሚደረስበት መንገድ ነው፦ የአጎት ልጅ፣ የአባት የአክስት ልጅ፣ የአያት የወንድም የልጅ ልጅ። አዳማ ውስጥ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ወረቀት ላይ ለማስፈር የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው ለእነዚህ የጎን ዘመዶች ነው።

ወደ ላይ የሚወጣው ዝርዝርም ቢሆን በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቅድመ አያትና ቅም አያት አንድ ናቸው ይላል፤ ሌላው ቅም አያትን ከቅድመ አያት በላይ ያስቀምጣል። ምንጅላትን ምንዝላት የሚሉም አሉ። ከዚህ የተነሣ የሁለት ቤተሰቦች «እንጅላት» በአንድ ትውልድ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሐረጉን የሚጽፍ ሰው ከቃሉ ጎን የትውልዱን ቁጥር ቢያሰፍር ይሻለዋል።

ይህን ያህል ወደ ላይ መቁጠር ያስፈለገው ለወሬ ማድመቂያ አልነበረም። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ነበር፤ ጠያቂው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ አቅኚው አባት የሚያደርሰውን ሐረግ መዘርዘር ነበረበት። መሐል ላይ አንድ ስም የሳተ ሰው ድርሻውን ሊያጣ ይችል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲሽር የቆጠራው ትልቁ ጥቅም አብሮ ቀረ። የቀረው ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነው።

አዳማ ደግሞ ከመነሻዋ የመጤ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ካደጉት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም ከደቡብም ከሰሜንም ሠራተኛ ወደ አካባቢው ሳበ። ለሥራ የመጣ ሰው ርስቱንም ሽማግሌዎቹንም አገር ቤት ትቶ ነው የመጣው። የልጅ ልጁ የአያቱን አባት ስም ያውቅ ይሆናል፤ የአያቱን እህቶች ግን የሚያውቃቸው በለቅሶና በሠርግ ነው። ድንኳን ውስጥ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የሚጀመረው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም የጽሑፍ መዝገብ የተሻለ መረጃ ያወጣል።

የስም አወጣጣችን በአንድ በኩል ያግዛል፤ ሙሉ ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ስለሆነ ሦስት ትውልድ ያለ ድካም ይገኛል። በእናት በኩል ያለው ግን ከዚያ ስም ውስጥ የለም። በሴት አያት በኩል የሚዛመዱ ሁለት ሰዎች መታወቂያቸው ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንድም የጋራ ስም አይገኝበትም። ሐረግ የሚሠሩ ወጣቶች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የአባትን መስመር ጨርሰው የእናትን ይተዉታል።

ርቀት የሚለካው በ«ቤት» ነው። ልማዱ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ በኦርቶዶክስ ምእመናንም ዘንድ ይህ የጸና ነው። የኦሮሞ ልማድም ሰባት ትውልድ ስለሚቆጥር አዳማ ላይ ሁለቱ ወገኖች በዚህ ነገር ለመግባባት አይቸገሩም። ክርክሩ ያለው ቆጠራው ከየት ይጀመር የሚለው ላይ ነው። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ እንበል፤ የታላቂቱ የልጅ ልጅና የታናሺቱ የልጅ ልጅ ተገናኙ። እህትማማቾቹን አንድ ቤት ካልን እናቶቻቸው ሁለት፣ እነርሱ ሦስት ቤት ናቸው። የእህትማማቾቹን አባት እንደ መጀመሪያ ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ግን አራት ይላል። በጥንቱ የሮማውያን ሕግ ዘዴ ከአንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚወርድ ደግሞ ስድስት ደረጃ ያገኛል። ዝምድናው ያው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። ስለዚህ ሽምግልና ከመላኩ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች የጋራውን አባት በስም ጠርተው፣ ጣታቸውን እያጠፉ፣ በየመስመሩ ቢወርዱ ይበጃል።

መንግሥት የሚያስበው ርቀት ከዚህ በጣም ያጠረ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች በሚወለዱ መካከል፣ በወንድምና በእህት መካከል፣ እንዲሁም ከአክስት ወይም ከአጎት ጋር የሚደረግን ጋብቻ ይከለክላል፤ የአጎት ልጅን አይጠቅስም። አዳማ ላይ የሚሠራው ግን የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ ለመጋባት የሚያስብ ሰው መመልከት ያለበት ያንን ነው። በእስልምና የአጎትና የአክስት ልጅ ማግባት አልተከለከለም።

ፊት ለፊት ሲጠሩ ቁጥሩ ሁሉ ይረሳል። የሦስት ቤት ዘመድ እኩያ ከሆነ በስሙ ይጠራል፤ ለሰው ሲያስተዋውቁት «ወንድሜ ነው» ይባላል፤ ታላቅ ከሆነ ጋሼ ወይም እትዬ ይሆናል። ትውልዱ ሲዛነፍ ነገሩ ይጣፍጣል፦ ከላይ ባልነው ምሳሌ የታላቂቱ የልጅ ልጅ ልጅ የአርባ ዓመት ሴት፣ የታናሺቱ የልጅ ልጅ የሃያ ዓመት ወጣት ቢሆኑ፣ በቆጠራ አጎቷ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እትዬ የሚለው እርሱ ነው፤ እርሷ በስሙ ትጠራዋለች፣ ቡና ስታቀርብለትም «አጎቴ» ብላ ትቀልድበታለች። ለጥሪ ዕድሜ፣ ለጋብቻ ትውልድ ይገዛል።

አማርኛ የእናትን ወንድምና የአባትን ወንድም ሁለቱንም አጎት ይላል። አፋን ኦሮሞ ይለያቸዋል፤ ኤሱማ የእናት ወንድም ነው፣ አዳዳ ደግሞ የአባት እህት። ሁለቱ ቋንቋዎች በሚነገሩባቸው የአዳማ ቤቶች ልጆች በአማርኛ እያወሩ ኤሱማ ቢሉ አያስገርምም፤ «አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም» ከማለት ያጥራል። ሐረግ ሲጻፍም ይህ ልዩነት ሊጠበቅ ይገባል። «አጎት» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

በሥጋ ያልሆነው ዝምድናም ቦታ ይፈልጋል። አማት፣ አማች፣ ምራትና ዋርሳ በጋብቻ የመጡ ናቸው፤ የእንጀራ እናትና የእንጀራ አባትም እንዲሁ። የክርስትና አባት ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይባላል፤ የእርሱ ልጆችና የክርስትና ልጁ እንደ ወንድማማች ስለሚታዩ አይጋቡም። ጉዲፈቻ ቃሉም ልማዱም ከኦሮሞ የመጣ ሲሆን ዛሬ የአማርኛው የሕግ ቃል እርሱው ነው፤ በፌዴራሉ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ስለዚህ በሐረጉ ላይ ሁለት መስመር ይሳብለታል፣ ሰባቱ ቤትም በሁለቱም በኩል ይቆጠራል።