አልጌ-አልባ ኮራል ምንድን ነው?

ሰሞኑን በቀይ ባሕር፣ ከኮራል ሪፍ (ኮራሎች ከገነቡት የባሕር ውስጥ አለት) ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ሲዘዋወር ተመለከትኩ። ከዋሻው ጣሪያ ላይ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ደማቅ ብርቱካናማ ኮራሎች ይታዩበታል፤ ከሥሩም «ብርሃን የሚጠላው ኮራል» ተብሎ ተጽፏል። ቱባስትሪያ የሚለውን የሳይንስ ስም በትክክል የጠቀሰ አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «አልጌ-አልባ ማለት ለጨለማ የተፈጠረ፣ ፀሐይ ካገኘው የሚሞት ማለት ነው» ሲል አብራርቷል። ይህን ትርጓሜ ስሰማው የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር።

ቃሉ የሚናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ዙዛንቴሌ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ኮራል በሚባለው እንስሳ ሥጋ ውስጥ አለመኖራቸውን ይገልጻል። እንስሳው ብርሃን ይወድ ወይም ይጥላ፣ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይኑር ወይም ዳርቻ ላይ፣ ቀለም ይኑረው ወይም አይኑረው ቃሉ ምንም አይነግረንም። ከታወቁት የድንጋይ ኮራል ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ አልጌ-አልባ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ እነዚህን እንስሳት እንደ ብርቅ ፍጡር መቁጠር ራሱ ግራ ያጋባል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ፀሐይ በሚያገኘው የሪፍ ሜዳ ላይ የሚኖረው ኮራል እንደ ድሮ ባለርስት ነው። አልጌዎቹ ጭሰኞቹ ናቸው፤ በሥጋው ውስጥ ሰፍረው፣ በብርሃን አስተፃምሮ ከሚያመርቱት ምግብ አብዛኛውን ለባለርስቱ ይገብራሉ። ሁኔታው ሲመች ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ በዚህ ግብር ሊሸፈን ይችላል። አልጌ-አልባው ኮራል ግን ጭሰኛ የለውም፤ ውኃው የሚያመጣለትን ፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ፍጥረታትን፣ በገዛ እጁ እየያዘ ያድራል። እንዲህ ያለ ሰው ገደል ላይ ጎጆ ቢቀልስ ሜዳ ስለሚጠላ አይደለም፤ ሜዳውን ባለርስቶች ስለያዙት ነው። ገደሉ ላይ ደግሞ የሚሻማው የለም፤ ባለርስቱ እዚያ ቢሄድ ጭሰኞቹ የሚያርሱት አያገኙምና።

ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ባለርስቱ ኮራልም ቢሆን ሌሊት ክንዶቹን ዘርግቶ ያድናል፤ ጭሰኞቹም ከእንስሳው ቆሻሻ ናይትሮጅን ስለሚያገኙ ዝም ብለው የሚበዘበዙ አይደሉም። ከዚህም በላይ ባለርስትነቱ እንደ ሥፍራው የሚለዋወጥ ዝርያ አለ። በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ኦኩሊና ቫሪኮሳ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ውኃ ውስጥ አልጌ ይይዛል፤ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ደግሞ ያለ አልጌ ይኖራል። ዝርያው ግን አንድ ነው። ስለዚህ «አልጌ-አልባ» የሚለው ስያሜ አንዳንድ ጊዜ የእንስሳውን ኑሮ እንጂ የዘሩን ማንነት አያመለክትም።

ወደ ዋሻው ስንመለስ፣ እዚያ የሚካሄደው በዋናነት የቦታ ሽሚያ ነው። ብርሃን ባለበት አለት ላይ በፍጥነት የሚያድጉ ባለ አልጌ ኮራሎችና የባሕር አረሞች ባዶ ቦታ አያስተርፉም፤ አንድ የቱባስትሪያ እጭ እዚያ ቢያርፍ አድጎ ሳይጠነክር የመሸፈን ዕድሉ ሰፊ ነው። የዋሻ ጣሪያ ደግሞ ደለል አያርፍበትም፣ አረም አይበቅልበትም። ፀሐዩ የሚያስቸግረው ጎረቤት ስለሚያበዛበት ነው እንጂ በራሱ ስለሚገድለው አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ቱባስትሪያ ማይክራንታ ብርቱ ሞገድ በሚያልፍበት ግልጽ የሪፍ ገደል ላይ እንደ ቁጥቋጦ ቆሞ ያድጋል፤ ጨለማ ግዴታ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ቀን ላይ ወደ እንዲህ ዓይነት ዋሻ የገባ ጠላቂ የእጅ ባትሪ ካላበራ አብዛኛውን ጊዜ ኮራሉን ሳያስተውለው ያልፋል። ቀይ ብርሃን ውኃው ውስጥ ቶሎ ስለሚዋጥ ብርቱካናማው ቀለም ጥቁር መስሎ ይታያል። ባትሪው ሲበራ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው የበቀሉ ጉብታዎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ፖሊፕ (የኮራሉ አንድ ነጠላ አካል) ሥጋውን ሰብስቦ እንደ ተጨበጠ እጅ ተዘግቷል። ሲመሽ ግን ቢጫ ክንዶቹ ይዘረጋሉ፤ ያ ሻካራ ድንጋይ የአደይ አበባ መስክ ይመስላል። ይህ መዘርጋት በጨለማ ብቻ የሚታዘዝም አይደለም፤ ምግብ የያዘ ሞገድ ከመጣ በጠራራ ፀሐይም ይከፈታል።

ኮራሉ ጨለማ የሚወድ ቢሆን ኖሮ የዋሻው ጥግ ድረስ በገባን ቁጥር ብዛቱ በጨመረ ነበር። የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበዛው በመግቢያውና ከፊል ጨለማ በሆነው ክፍል ውስጥ ነው፤ ወደ ጥጉ ስንጠጋ ውኃው ይረጋል፣ ፕላንክተኑም በመንገድ ላይ ተበልቶ ያልቃል፣ ግድግዳውም እየተራቆተ ይሄዳል። ያ ፕላንክተን ራሱ የመጣው ፀሐይ ካበቀለው የውጭ ባሕር ስለሆነ፣ «ያለ ብርሃን የሚኖር» የሚለው አነጋገርም በጥብቅ ከታየ ትክክል አይደለም።

ሌላው የሚያናድደኝ «አልጌ ስለሌለው የአየር ንብረት ለውጥ አያሰጋውም» የሚለው ድምዳሜ ነው። መንጣት የሚባለው ኮራሉ ጭሰኞቹን ሲያጣ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ጭሰኛ የሌለው በዚያ መንገድ አይነጣም፤ እስከዚህ ልክ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰሜን ምዕራብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ካለቁት እንስሳት አንዱ በዋሻና በጥላ ሥር የሚኖረው፣ አልጌ የሌለው ቀዩ ኮራል ነበር። እርግጥ ቀዩ ኮራል ባለ ስምንት ክንድ ወገን ነው እንጂ እውነተኛ የድንጋይ ኮራል አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳልጠቅስ ማለፍ ያቅተኛል። ሙቀት የሚገድለው አልጌን በማስኮብለል ብቻ እንዳልሆነ ግን በሚገባ ያሳያል።

«አልጌ-አልባ» እና «ሪፍ የማይሠራ» የሚሉትንም ስያሜዎች እንደ አንድ የሚቆጥሩ አሉ፤ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎችም ለረጅም ጊዜ ስናምታታቸው ስለቆየን በዚህ ብዙ አልፈርድም። በኖርዌይ የሚገኘው የሩስት ሪፍ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ቀዝቃዛ ጨለማ ውስጥ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ የሠራው ኮራል አንድም አልጌ የለውም።

ያ አስተያየት ሰጪ «ለጨለማ የተፈጠረ» ያለው ቱባስትሪያ ኮክሲኒያ የትውልድ ሥፍራው የህንድና የሰላማዊ ውቅያኖሶች አካባቢ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በካሪቢያን ባሕር ተመዝግቧል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በብራዚል የነዳጅ መድረኮች ላይ ተገኘ። ዛሬ በሪዮ ዴ ጄኔሮ አቅራቢያ ባሉ ጥልቀት በሌላቸው የባሕር ዳርቻ አለቶች ላይ የአገሩን ነዋሪዎች እየገፋ፣ ቀን በቀን ፀሐይ እየሞቀ ይኖራል።