የቴክስት ኤዲተር ፓኬጅ ጥገና፦ ከአራት ኪሎ ሲታይ

ቪም፣ ኢማክስና ናኖ ሊኑክስን በመሳሰሉ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ቴክስት ኤዲተሮች፣ ማለትም ጽሑፍና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ናቸው። ሦስቱም በአንድ መስመር ትእዛዝ ይጫናሉ። ተጠቃሚው የሚያየው ይህንን ብቻ ነው። በኤዲተሩ ጸሐፊዎችና በተጠቃሚው መሀል ግን ሌላ ሰው አለ። ሶርስ ኮዱን አውርዶ፣ ከሲስተሙ ጋር አስማምቶ፣ ባግ (ስሕተት) ሲገኝ ፓች አድርጎ፣ ማለትም በትንሽ እርማት አስተካክሎ፣ ለመጫን ዝግጁ የሆነ ፓኬጅ ገንብቶ የሚያወጣው እሱ ነው። ሜይንቴነር ይባላል። ኮዱ የሚመነጭበት ዋናው ፕሮጀክት ደግሞ አፕስትሪም ይባላል። የጥገናው ሥራ የሚካሄደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላይ ይህ ሥራ የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የሚማሩት፣ አራት ኪሎ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩት፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ፎቆች ውስጥ ሰርቨር የሚያስተዳድሩት፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፓቸውን ዘርግተው ኮድ የሚጽፉት። ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን የመሰለ የሊኑክስ ስርጭት የጫነ ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ የሜይንቴነሮች ደንበኛ ነው። ኡቡንቱ ራሱ ከዴቢያን ስለሚነሳ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የዴቢያንን አሠራር ይከተላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲተሮቹ

ቢል ጆይ የቪም ቀዳሚ የሆነውን ቪአይን የጀመረው በ1976 ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ ኢማክስን በ1985 አወጣ። ብራም ሞለናር ቪምን በ1991 ለሕዝብ ለቀቀ። የናኖ ታሪክ ለርእሳችን በጣም ይቀርባል። ከእሱ በፊት ፒኮ የሚባል ቀላል ኤዲተር ነበር። ሰው ይወደው ነበር፤ ነገር ግን ፈቃዱ የተቀየረ ቅጂ እንደ ልብ ማሰራጨት አይፈቅድም ነበር። ፓች አድርጎ ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ እንደ ዴቢያን ያለ ስርጭት ፓኬጁን በወጉ ሊይዘው አይችልም። በ1999 የፒኮን መልክ ይዞ በነጻ ፈቃድ አንድ ኤዲተር እንደ አዲስ ተጻፈ። እሱ ነው በኋላ ናኖ የተባለው። ፓች የማድረግ መብት በመጥፋቱ ብቻ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ከባዶ ተጻፈ ማለት ነው።

ስለ ቪም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቪም ሲከፈት በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕጻናትን እርዱ የሚል መልእክት ያሳያል። ሞለናር ለፕሮግራሙ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ኪባሌ ለሚባል የደቡብ ኡጋንዳ አካባቢ እርዳታ ያሰባስብበት ነበር። እሱ ነሐሴ 3 ቀን 2023 አረፈ። ሥራውን ክርስቲያን ብራባንት ከሌሎች አስተዋጽኦ አድራጊዎች ጋር ተረከበ። ቪም 9.1 በጥር 2024 ሲወጣ ለሞለናር መታሰቢያ ሆነ። ለሠላሳ ዓመት በአንድ ሰው ዙሪያ የቆመ ፕሮጀክት ሳይቋረጥ መቀጠሉ ለሜይንቴነሮች ትልቅ እፎይታ ነበር።

ፓች እንዴት ይሠራል

ፓች የሁለት ፋይሎችን ልዩነት የያዘ ጽሑፍ ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው ዲፍ የተባለው ፕሮግራም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዩኒክስ ውስጥ አለ። ልዩነቱን መልሶ ኮዱ ላይ የሚያሳርፈውን ፕሮግራም ላሪ ዎል በ1985 ጻፈው። የሚጠፋው መስመር የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል፤ የሚጨመረው የመደመር። ከላይና ከታች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ያልተነኩ መስመሮች ይከተላሉ።

እነዚህ ያልተነኩ መስመሮች ናቸው ነገሩን የሚያስኬዱት። አፕስትሪም አዲስ ቅጂ ሲያወጣ የመስመር ቁጥሮች ይንሸራተታሉ። የፓች ፕሮግራሙ ግን ዙሪያውን አይቶ ቦታውን ያገኛል። ዙሪያው ራሱ ከተቀየረ አልቀበልም ብሎ የተረፈውን በሌላ ፋይል ያስቀምጣል። በዚህ ጊዜ ሜይንቴነሩ ቁጭ ብሎ በእጁ ማስታረቅ አለበት። አደገኛው ግን ይህ አይደለም። አደገኛው ፓቹ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያለ ምንም ቅሬታ ሲያርፍ ነው። ዙሪያው በግምት ይመሳሰላል ብሎ ፕሮግራሙ ሲያሳልፈው ማስጠንቀቂያዋ አንዲት አጭር መስመር ናት። እሷን ሳያነቡ ማለፍ አይገባም።

በፓኬጁ ውስጥ

የዴቢያን ሶርስ ፓኬጅ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አፕስትሪም ያወጣው ኮድ ነው፤ በመርሕ ደረጃ እንዳለ ይቀመጣል። ሁለተኛው ዴቢያን የሚባል ፎልደር ነው። የግንባታው ደንብ፣ ቼንጅሎጉ (የለውጦቹ መዝገብ) እና ፓቾቹ እዚያ ይገባሉ። ፓቾቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያርፉ የሚናገር ዝርዝር ፋይል አለ። ይህን የሚያስተዳድረው መሣሪያ ኩዊልት ይባላል። አንዱን ፓች ያሳርፋል፣ ያነሳል፣ ያድሳል።

ጥሩ ፓች ራስጌ አለው። ምን እንደሚያስተካክል፣ ማን እንደጻፈው፣ ከየት እንደመጣ፣ ለአፕስትሪም ተልኮ እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አከብራታለሁ። ወደ ምንጩ ያልተላከ ፓች ዕዳ ነው። አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር እንደገና ማስታረቅ ይጠይቃል፤ ያስቀመጠው ሰው ሥራውን ሲተው ደግሞ ለምን እንደገባ የሚያውቅ አይኖርም።

የፓኬጁ ቁጥርም ይህንኑ ታሪክ ይዟል። በዴቢያን 12 ውስጥ ያለው ቪም 9.0.1378 ነው። ከዚያ በኋላ ሰረዝ ተደርጎ የሚመጣው ቁጥር የዴቢያን የራሱ ነው። ሜይንቴነሩ ምን ያህል ጊዜ እንደነካካው ያሳያል። 1378 ደግሞ የፓች ቁጥር ነው፤ በቪም እያንዳንዱ ትንሽ እርማት ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ልማድ ለሜይንቴነር በረከት ነው። አንድ ቀዳዳ በየትኛው ቁጥር እንደተደፈነ በቀጥታ ማየት ይቻላል።

ከአንድ ሶርስ ብዙ ፓኬጅ ይወጣል። ቪም ትንሹ አለ፣ መደበኛው አለ፣ በመስኮት የሚከፈተውም አለ። አዲስ ኡቡንቱ የጫነ ተማሪ ቪአይ ብሎ ከፍቶ እየጻፈ ሳለ የቀስት ቁልፎቹን ሲጫን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ፊደላት የሚወጡበት ለዚህ ነው። የተበላሸ ነገር የለም። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ትንሹ ቪም ነው፤ እሱ ደግሞ የጥንቱን ቪአይ ጠባይ ይዞ ይነሳል። ሙሉውን ቪም ሲጭኑ ይስተካከላል።

በኢማክስ በኩል ሌላ ዓይነት ነገር አለ። ማንዋሉ የተጻፈበት ፈቃድ ሊቀየሩ የማይችሉ ክፍሎች ስላሉት ዴቢያን ከዋናው ስብስብ አውጥቶ ለብቻው አስቀምጦታል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው ይህን ፓኬጅ አስቀድሞ ቢጭነው ይጠቅመዋል፤ ማንዋሉ ያለ ኢንተርኔት ይነበባልና።

ሌላው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ቤተሰብ፣ የቢኤስዲም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በፍሪቢኤስዲና በኦፕንቢኤስዲ ኤዲተሩ ከሌሎች ፖርቶች (የቢኤስዲ የፓኬጅ መገንቢያ ደንቦች) ጋር በፎልደር ይቀመጣል፣ ፓቾቹ አብረውት ይኖራሉ፣ የሚወርደው ኮድ እንዳልተለወጠ በቼክሰም (ከፋይሉ በሚሰላ መለያ ቁጥር) ይረጋገጣል።

ደህንነትና ሁለት ትምህርቶች

የዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው ይፋዊ) ቅጂ አንዴ ከወጣ በኋላ ፓኬጆቹ በአብዛኛው ወደ አዲስ ቅጂ አይሻገሩም። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ሜይንቴነሩ እርማቱን ብቻ ከአዲሱ ኮድ ነቅሎ ወደ አሮጌው ያመጣል። ባክፖርት ይባላል። ስለዚህ የቅጂ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይህ ቪም ያረጀ ነው፣ ቀዳዳ አለው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። የቢሮ የደህንነት ምርመራዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መታየት ያለበት ቼንጅሎጉ ነው።

በ2019 ቪም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። ቪም በፋይሉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ አካባቢ ያለችን ልዩ የማዘዣ መስመር ያነባል። በተንኮል የተጻፈ መስመር የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል መክፈት ብቻ የአጥቂውን ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችል ነበር። በ8.1.1365 ተደፈነ። ዴቢያን ግን ይህን የማዘዣ መስመር ከዚያ በፊት ጀምሮ በነባሪ ዘግቶት ነበር፤ ነገሩ የችግር ምንጭ ነው ብሎ። የሜይንቴነር ጥንቃቄ ሲሠራ እንዲህ ነው።

ጥንቃቄ ሲጎድልም አይተናል። በ2006 በዴቢያን የኦፕንኤስኤስኤል (የሚስጥር ቁልፍ መሥሪያ ሶፍትዌር) ፓኬጅ ላይ አንድ የመፈተሻ መሣሪያ ያማረረበት ኮድ በፓች ወጣ። ጥቃቅን ጽዳት ይመስል ነበር። የወጣው ኮድ ግን የሚስጥር ቁልፎችን የማይገመቱ የሚያደርገው ነበር። ነገሩ የታወቀው በግንቦት 2008 ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ ፓኬጅ የተሠሩ ቁልፎች ለአንድ ዓይነትና መጠን ወደ 32 ሺህ ገደማ አማራጮች ብቻ ነበሯቸው፤ ተራ ኮምፒውተር በቀላሉ ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። ኤዲተር ባይሆንም ይህን ታሪክ ሳያውቁ ፓኬጅ መንካት የለብንም ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው በመጋቢት 2024 የተጋለጠው ኤክስዜድ የተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ጉዳይ ነው። በ5.6.0 እና በ5.6.1 የተለቀቀው የታሸገ ፋይል ውስጥ፣ የኮድ ለውጦች በሚመዘገቡበት በጊት ላይ በግልጽ የማይታይ፣ የጓሮ በር የሚያስገባ ስክሪፕት ነበረ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ያገኘው ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል በመዘግየቱ ነው። ዴቢያን ስቴብል ላይ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የታሸገውን ፋይል ከጊት ጋር ማመሳከር እንደ ትርፍ ሥራ አይታይም።

የግዕዝ ፊደልና የፓች ቦታ

የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ነው። ዩኒኮድን በፋይል ለማስቀመጥ በሚያገለግለው በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሰላም» የሚለው 9 ባይት ነው። የዛሬዎቹ ኤዲተሮች ይህን በደንብ ያስተናግዳሉ። ኢማክስማ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የግዕዝ መጻፊያ ዘዴ አለው፤ ድምፁን በላቲን ቁልፍ ሲመቱ ፊደሉ ይወጣል። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም በካሌንደሩ ያሳያል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

የሚያስቸግረው ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። ተርሚናል እኩል ስፋት ባላቸው ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በዩኒኮድ መረጃ መሠረት የቻይና ፊደል ሁለት ክፍል ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል ግን እንደ ላቲን አንድ ብቻ። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ሐ» በአንድ ክፍል አይመቹም። ወይ ይጨመቃሉ፣ ወይ በጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ።

ይህን ሲያይ ኤዲተሩን ፓች ላድርገው የማይል የለም። አያዋጣም። ኤዲተሩ ብቻውን ሁለት ክፍል ነው ብሎ ቢቆጥር ተርሚናሉ ደግሞ አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ከርሰሩ የሚታየው በአንድ ቦታ፣ የሚጻፈው በሌላ ቦታ ይሆናል። ቪም የፊደላትን ስፋት መቀየሪያ አብሮት የመጣ ፋንክሽን አለው፤ እሱም ቢሆን ተርሚናሉ ካልተስማማ ያው ነው። መፍትሔው ከፎንቱና ከተርሚናሉ ይጀምራል። የኢማክስ የመስኮት ቅጂ ግን የፊደሉን እውነተኛ ስፋት ስለሚለካ ችግሩ የለበትም።

ሌላም አለ። ኢማክስ በብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ የያዘ ፋይል አብሮት ይመጣል። አማርኛው «ሠላም» ተብሎ ነው የተጻፈው። «ሰላም» ብለው ቢፈልጉ አያገኙትም። እዚህም ፓች አያስፈልግም። ኢማክስ ተመሳሳይ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግበት መንገድ አለው። ተጠቃሚው በራሱ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ሰ» እና «ሠ»ን፣ «ጸ» እና «ፀ»ን ማጣመር ይችላል። በማስተካከያ የሚፈታውን በፓች መፍታት ትርፍ ሸክም ነው።

ከዚህ ሆኖ መሥራት

ሥራው ብዙ ዳታ አይበላም። የናኖ ሶርስ ከ2 ሜጋባይት በታች ነው፤ ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው። የኢማክስ ከ40 ሜጋባይት ይበልጣል። ጊት ያለ ኔትወርክ ይሠራል። መብራት እስኪመጣ ወይም ኔት እስኪመለስ እርማቱን መዝግቦ ማቆየት ይቻላል። ፓቹ ሲላክ ጥቂት ኪሎባይት ቢሆን ነው። ቼንጅሎግ ላይ ሰዓት ሲሞላ ጠዋት 3 ሰዓት 09:00 ሆኖ ከ+0300 ጋር ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ራሱ ይሞላዋል።

ፓኬጁን በራስ ላፕቶፕ ገንብቶ መጫን ቀላል ነው። ሲስተሙ ሲታደስ ግን ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ይፋዊ ፓኬጅ ከመጣ የእርስዎ ይተካል፤ እርማትዎም አብሮ ይሄዳል። ፓኬጁ እንዳይታደስ መቆለፍ ይቻላል። ግን የተቆለፈ ፓኬጅ የደህንነት እርማትም አያገኝም። ለአንድ ሳምንት ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ስለዚህ እርማቱ በቅድሚያ ለአፕስትሪም ይላካል። አፕስትሪም ከተቀበለው ለዴቢያንም ለፍሪቢኤስዲም ይደርሳል። ለዴቢያን ብቻ የሚሆን ከሆነ በባግ ሪፖርት ላይ ተያይዞ ይቀርባል። ፓኬጅ በራሱ ስም ወደ ዴቢያን የማስገባት መብት የሌለው ሰው ስፖንሰር ይፈልጋል፤ ማለትም መብቱ ያለው ዴቨሎፐር ሥራውን አይቶ ያስገባለታል። ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዴቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ ስቴብል ያወጣል፤ ከዚያ በፊት ለወራት በር ይዘጋል፣ ፍሪዝ ይባላል። በዚያ ወቅት የሚያልፉት ከባድ ባጎች ናቸው። የግዕዝ ማሳያ ማሻሻያን የመሰለ ነገር ከፍሪዙ በፊት ካልገባ የስቴብል ተጠቃሚ ጋ የሚደርሰው በሚቀጥለው ዙር ነው።